የቴስታ ጋስኬት ስትቀይሩ፣ አዲሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት

የተቃጠለ የቴስታ ጋስኬት (በሞተሩ ብሎክና በላዩ በሚቀመጠው ክዳን፣ በቴስታው፣ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀይር ሰው ከባዱ መፍታቱ አይደለም፤ በመፍታትና በመግጠም መካከል ያለው ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ብሎን አትንኩ፣ ቴስታው ይጣመማል። ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሐል ጥቂት በጥቂት አላሉ።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታው የታችኛው ገጽ ላይ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ አጋድማችሁ ሥሩን በክፍተት መለኪያ ፈትሹ። ብዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ነው የሚፈቅዱት (የመኪናችሁ ማንዋል ትክክለኛውን ይነግራችኋል)። ካለፈ ቶርኖ ቤት ይላጥ፤ በጣም ሞቆ ከነበረ ስንጥቅም አስፈትሹ።

የአሮጌውን ጋስኬት ቅሪት በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ። በድሪል የሚሽከረከር የማለስለሻ ዲስክ ግን አይሞከርም፤ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከሙትን ቀጭን ብረቶች) ይበላል። የብሎን ቀዳዳዎችንም አድርቁ፦ ታች የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ብሎኑ ሲጠብቅ መውጫ ያጣና የሞተሩን ብሎክ ይሰነጥቃል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው።

ስታጠብቁ ከመሐል ወደ ዳር፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ማንዋሉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተልና ደረጃ። የመጨረሻው ዙር በዲግሪ (ብሎኑ በሚዞርበት ማዕዘን) ከተሰጠ ብሎኖቹ በአብዛኛው የሚለጠጡ ስለሆኑ አዲስ ግዙ። ዘይትና ፊልትሮም አብረው ይቀየሩ።