የአንዲት ግስ ጉልበት፦ የዓይን ምስክር ትውስታ ሙከራን ደግሞ ለመሥራት ዕቅድ አወጣጥ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የጥያቄ አነጋገር የዓይን ምስክርን ትውስታ ይለውጣል ወይ ብለው እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ሙከራዎች እንዳሉት ብዙ ሰው ይዘነጋል። በመጀመሪያው 45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልሞችን ካዩ በኋላ መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይጓዙ እንደነበር ተጠየቁ፤ ጥያቄው አንድ ሆኖ ግሱ ብቻ ከቡድን ቡድን ይለዋወጥ ነበር። በጣም ለስላሳውን ግስ («contacted»፣ ተነካኩ) የሰሙት በአማካይ በሰዓት 31.8 ማይል ሲሉ፣ ኃይለኛውን («smashed»፣ ተሰባብረው ተጋጩ) የሰሙት ከ40 ማይል በላይ ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ 150 ተማሪዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው አንድ ፊልም አዩ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው «የተሰበረ መስታወት አይተዋል?» ተባሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም፤ ሆኖም ኃይለኛውን ግስ ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ፣ መካከለኛውን («hit»፣ ተመታቱ) ከሰሙት 7ቱ፣ ስለ ፍጥነት ጭራሽ ካልተጠየቁት ደግሞ 6ቱ «አዎ» አሉ።

ለመድገም የምመክረው ሁለተኛውን ነው። በ30ና በ40 መካከል የሚዋልል ሰው ግሱ ወደጠቆመው ቁጥር ቢያዘነብል ትውስታው ተለውጧል ማለት አይደለም፤ መልሱን ብቻ አስተካክሎ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ግን ያልነበረን ነገር አየሁ ማለት ስለሆነ፣ የጥናቱን ዋና ጥያቄ በተሻለ ይነካል። ሰው ለመቆጠብ ሲባል ያልተጠየቀውን ሦስተኛ ቡድን መሰረዝ ያጓጓል፤ ያለ እሱ ግን ኃይለኛው ግስ «አዎ»ን አበዛ ወይስ መካከለኛው አሳነሰ የሚለውን መለየት አይቻልም።

ቀጥሎ የሰው ብዛት ይወሰናል። የ1974ቱ ውጤት «አዎ» ካሉት ኃይለኛውን ግስ የሰሙት 32 በመቶ መካከለኛውን ከሰሙት 14 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ልዩነት እውነተኛ ቢሆን እንኳ 80 በመቶ በሆነ ዕድል ለማግኘት በእያንዳንዱ ቡድን 85 ያህል ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እንደ ቀድሞው 50 ይበቃል ብሎ መነሳት ገና ከጅምሩ ራስን ማሰናከል ነው። በዚያ ላይ የታተመ ልዩነት ከእውነተኛው ሰፍቶ የመገኘት ልማድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን በደገመው ትልቅ ሥራ፣ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶዎቹ ጉልህ (በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የማይመስል) ውጤት ሲያሳዩ ከድጋሚዎቹ ያሳዩት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የልዩነቶቹም መጠን በአማካይ ወደ ግማሽ ወርዷል። እዚህም ልዩነቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ማለትም 23 ከ14 ቢሆን፣ በየቡድኑ 290 ያህል ሰው ይጠይቃል። ይህ ከአቅም በላይ ከሆነ የሥነ ልቦና ጥናት ዘዴ ተመራማሪው ዩሪ ሳይመንሶን ያቀረበው፣ ድጋሚው የመጀመሪያውን ጥናት ሰው ብዛት 2.5 እጥፍ ይያዝ የሚል መመሪያ አለ፤ በዚህ ስሌት በየቡድኑ 125 ሰው ይደርሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ባይጀመር ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ሙከራው በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ ትልቁ ድካም ያለው ጥያቄው ላይ ነው። እኔ በመጀመሪያ ረቂቄ ለኃይለኛው ግስ «ሲሰባበሩ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ጥሩ መስሎኝም ነበር። ነገር ግን የሳምንቱ ጥያቄ «የተሰበረ መስታወት» ይላል፤ ሁለቱም ከአንድ «ሰበረ» የወጡ ናቸው። መኪኖቹ ተሰባበሩ የተባለ ሰው ከሳምንት በኋላ የተሰበረ ነገር ነበር ቢል፣ የተነገረውን አመነ እንጂ ትውስታው ተዛባ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለመካከለኛው «ሲጋጩ»፣ ለኃይለኛው «ሲላተሙ» የሚሉትን ጥንድ እመርጣለሁ፤ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው፣ ሁለቱም እርስ በርስ የመነካካት ፍቺ አላቸው፣ አንዳቸውም ስለ መስበር አያነሱም። ምርጫው በጸሐፊው ጆሮ ብቻ ግን አይጸናም፤ በዋናው ሙከራ የማይሳተፉ 30 ያህል ሰዎች የግሶቹን ኃይል ከ1 እስከ 7 እንዲመዝኑ ይደረግ።

ሌላው ወጥመድ ትንሽ ፊደል ነው። «የተሰበረ መስታወት» እና «የተሰበረውን መስታወት» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው መስታወቱ እንደነበረ አስቀድሞ ይናገራል። ሎፍተስ ከጊዶ ዛኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመችው ጥናት በእንግሊዝኛ ይህንኑ የመሰለ ልዩነት ብቻውን «አዎ» የሚሉትን እንደሚያበዛ አሳይቷል። «አይተዋል» ደግሞ «እነሱ» ተብሎም ሊነበብ ስለሚችል «እርስዎ» ይጨመርበት። ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ይጠየቅ።

ፊልሙ በ1974 ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነበር፤ ግጭቱ ራሱ 4 ሴኮንድ ያህል ነው። በየምስሉ እያስቆሙ የተሰበረ መስታወት እንደሌለ ማረጋገጥና ድምፁን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የግጭት ድምፅ ብቻውን መስታወትን ሊያሳስብ ይችላል። ተሳታፊዎች በዕጣ ይመደቡ። በሳምንቱ ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ማን በየትኛው ቡድን እንደነበረ አይወቅ፤ የመስታወቱም ጥያቄ እንደ ቀድሞው ከሌሎች 9 ጥያቄዎች መካከል ይደበቅ። በሳምንቱ ተመልሰው የማይመጡ እንደሚኖሩ ታስቦ በየቡድኑ ትርፍ ሰው ይመዝገብ፤ የጎደሉትም በየቡድኑ ተቆጥረው ይገለጹ።

የመጀመሪያው ተሳታፊ ፊልሙን ከማየቱ በፊት ዕቅዱ ቀኑ በማይለወጥ ይፋ መዝገብ ላይ ይቀመጥ፦ ዋናው ንጽጽር የሁለቱ ግሶች መሆኑ፣ በካይ ስኩዌር (የቡድኖችን የ«አዎ» ብዛት በሚያነጻጽር የስታቲስቲክስ ፈተና) እንደሚሠራ፣ ማን ከስሌት እንደሚወጣ (ለምሳሌ ሙከራውን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ)፣ ምን ውጤት ከተገኘ ደግሞ «አልተደገመም» እንደሚባል። ይህ የመጨረሻው ብዙዎች የሚሸሹት ነው፤ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ ግን ከመረጃው በኋላ ለማንኛውም ውጤት ማብራሪያ አይጠፋም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚጠይቀው በአብዛኛው ስለ ፊልሙ ነው። በመኪና አደጋ የቅርብ ሰው ያጣ ተሳታፊ ሊኖር ስለሚችል፣ የአደጋ ምስል እንደሚታይ በፈቃድ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ይነገር፤ ግሱና መስታወቱ ግን ተደብቀው ይቆዩ። እውነተኛው ዓላማ የሚገለጠው የመጨረሻው ተሳታፊ መልሱን ከሰጠ በኋላ ለሁሉም በአንድ ቀን ነው፤ ተማሪዎች በካፌ ይገናኛሉ፣ የሰኞው ምድብ የሰማውም ማክሰኞ ጠዋት ለሁሉም ይዳረሳል።