ከንቲባ የሌላት መንደር ታሪኳ የት ይገኛል?

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ሐበሾች፣ ከተማችን ከንቲባ እንደሌላት ታውቃላችሁ? ማዘጋጃ ቤት የላትም። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት) ነው። እሷስ ትልቅ ስለሆነች ታሪኳን የሚያወራላት አላጣችም፤ ጋዜጠኛው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር እ.ኤ.አ. በ1840 በፈረስ ሲሄድ ያገኘው የሚያብለጨልጭ ምንጭ ነው ስሟን የሰጣት ይባላል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን እንደ እሷ ከንቲባ የሌለው፣ በየመንገዱ ዳር ያለው ትንሽ ሰፈር ነው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት ቤቶች፣ መቃብር።

መጀመሪያ «የመንደሩ መዝገብ የት ነው?» እያልኩ ስዞር ቀኑን ሙሉ ባከንኩ። ምክር ቤት ያልነበረው ቦታ ቃለ ጉባኤ ከየት ያመጣል?

ከፖስታ ቤቱ ጀምሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1832 እስከ 1971 የተሾሙ የፖስታ ቤት ኃላፊዎችን መዝገብ ይዟል። ፖስታ ቤቱ መቼ እንደተከፈተ፣ መቼ እንደተዘጋና ስሙ እንደተቀየረ ከዚያ ይገኛል። የተዘጋበትን ቀን ግን ሰፈሩ የሞተበት ቀን አታድርጉት። ከ1896 ጀምሮ ፖስታ በየገበሬው ደጃፍ መታደል ሲጀምር ብዙ ትናንሽ ፖስታ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰዉ ግን እዚያው ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ ከ1837 እስከ 1950 የተሞሉት የፖስታ ቤት አድራሻ ቅጾች። ኃላፊው ራሱ ቅርቡ ያለው ወንዝ የቱ እንደሆነ፣ ባቡር ጣቢያው ስንት ማይል እንደሚርቅ፣ ጎረቤት ፖስታ ቤቶች እነማን እንደሆኑ ይጽፋል። አንዳንዱ ካርታ ይስላል። እኔ ያገኘሁት ሰውዬ ሰሜንን ወደ ታች ገልብጦት ግማሽ ሰዓት አደናብሮኛል፤ ይቅር ብየዋለሁ።

አሁን የሰው ስም አላችሁ ማለት ነው። ስሙን ይዛችሁ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ሂዱ። የመሬት ሽያጭ ውሎች የሚፈለጉት በሻጭና በገዢ ስም እንጂ በመንደር ስም አይደለም። ብዙ ጊዜ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ባለሱቅም ስለነበር የሱቁ ቦታ ውል እዚያ ሊገኝ ይችላል።

የሕዝብ ቆጠራው ስም በስም እስከ 1950 ድረስ ክፍት ነው። የ1890ው ግን በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ተጎድቶ አብዛኛው ዛሬ የለም፤ ከ1880 ወደ 1900 መዝለል ግድ ነው። የስም አጻጻፍ ቢለያይ አትደንግጡ፤ ቆጣሪው እንደሰማው ነው የጻፈው።

ከዚያ መቃብሩን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ ስሞቹን ከቆጠራው ጋር አመሳክሩ። እሁድ ቅዳሴ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹን «ታሪክ ንገሩኝ» አትበሏቸው፤ «እኛ ምን ታሪክ አለን» ብለው ይዘጉታል። «ሱቁ የነበረው በየት በኩል ነው?» በሏቸው። ሁለቱ መከራከር ሲጀምሩ ደብተራችሁን አውጡ።