በካሊፎርኒያ ለካውንቲ ፍርድ ቤት ተጨማሪ ዳኛ እንዴት ይገኛል?

ቀጠሮዎ በተደጋጋሚ እየተገፋ ከሆነ የችሎቱን ጸሐፊ መቆጣት ዋጋ የለውም። ፍርድ ቤቱም በራሱ ዳኛ መጨመር አይችልም። በየካውንቲው ሱፐሪየር ኮርት ስንት ዳኛ እንደሚቀመጥ በህግ የሚወስነው ሳክራሜንቶ ያለው ህግ አውጪ ምክር ቤት ነው።

መጀመሪያ ቁጥር ይያዙ። የግዛቱን ፍርድ ቤቶች የሚያስተዳድረው ጁዲሻል ካውንስል በየሁለት ዓመቱ የዳኛ ፍላጎት ጥናት ያወጣል። መዝገብ ቆጥሮ ብቻ አይተውም፤ የትራፊክ ቅጣትና የግድያ ክስ እኩል አይመዝኑማ። ለእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት ዳኛው የሚያጠፋው ደቂቃ ይለካል፤ በሚገቡት መዝገቦች ብዛት ይባዛል፤ ከዚያ አንድ ዳኛ በዓመት ባለው የስራ ደቂቃ ይካፈላል። ውጤቱ ካሉት የዳኛ ወንበሮች ከበለጠ ካውንቲዎ ዳኛ ጎድሎታል ማለት ነው።

ቁጥሩን ይዘው በሁለቱ የምክር ቤቱ ክፍሎች፣ በሴኔት ወይም በአሴምብሊ፣ ወዳለው ተወካይዎ ቢሮ ይሂዱ። ረቂቅ ህግ የሚገባበት ቀነ ገደብ ብዙውን ጊዜ በፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ ገና ሳይደርስ ቢያነጋግሩ ይሻላል። ረቂቁ ከቀረበ በኋላ ለፍትህ ኮሚቴው የድጋፍ ደብዳቤ ይላኩ። በስብሰባው ቀን ማንም ሰው ማይክ ፊት ቆሞ ስሙንና አቋሙን መናገር ይችላል።

ቀጥሎ የወጪ ኮሚቴው አለ። ብዙ ረቂቅ ሳይወራለት የሚቀረው እዚህ ነው። ካለፈ በአሴምብሊ 41፣ በሴኔት 21 ድምፅ፣ በመጨረሻም የገዢው ፊርማ ይበቃዋል።

ፊርማው ግን ዳኛ አያስቀምጥም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በ2007 የወጣው ኤቢ 159 የሚባለው ህግ 50 አዳዲስ ወንበሮችን ፈጠረ፤ በጀት ግን አልተያዘላቸውም። የመጨረሻዎቹ ገንዘብ ያገኙት በ2022 ነው። አስራ አምስት ዓመት! በመሃል፣ በ2017፣ የሪቨርሳይድና የሳን በርናርዲኖ ካውንቲዎች የዳኛ እጥረት ሲብስ ምክር ቤቱ ከአላሜዳና ከሳንታ ክላራ ክፍት የነበሩ አራት ወንበሮችን ወደዚያ አዛወረ። በ2023 የጸደቀው ኤስቢ 75ም 26 ወንበር የጨመረው በጀት ከተፈቀደ ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ሲያነቡ መጀመሪያ ይህችን ቅድመ ሁኔታ ይፈልጉ። ካለች ትግሉ ገና አላለቀም። ገዢው በጃንዩወሪ የበጀት እቅዱን ሲያቀርብ፣ በሜይ ሲያሻሽለው፣ ምክር ቤቱም እስከ ጁን 15 ሲያጸድቀው ተወካይዎን መጎትጎት አለብዎት።

ገንዘቡ ከተያዘ የቀረው ሹመት ነው። አዲሱን ወንበር የሚሞላው ገዢው ነው። እጩው ቢያንስ 10 ዓመት በካሊፎርኒያ ጠበቆች ማህበር አባል የሆነ ወይም ለዚያን ያህል ጊዜ በግዛቱ ዳኛ ሆኖ ያገለገለ መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ለገዢው ቢሮ ሲሆን፣ ገዢው የሚያስባቸውን እጩዎች ስም ለማህበሩ ገምጋሚ ኮሚሽን ይልካል፤ ኮሚሽኑም አስተያየቱን ለመስጠት 90 ቀን አለው። በሎስ አንጀለስም ሆነ በሳንሆዜ ካለው ሀበሻ መሃል ይህን የሚያሟላ ጠበቃ ካወቁ፣ ማመልከቻውን እንዲሞላ ይንገሩት።