ጌትዌዩ ተነስቷል፣ ግን «ሲስተም የለም»፦ ከቶምካት 9 ወደ 10.1 ሲሻገሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሶፕ ጌትዌይ እንጠብቃለን። ሶፕ ሲስተሞች ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ የሚጻጻፉበት ደንብ ነው። ጌትዌይ ስል በር ጠባቂ በሉት። ከቅርንጫፎች የሚመጣውን የኤክስኤምኤል መልእክት ይቀበላል፣ ማን እንደላከው ያጣራል፣ ወደሚመለከተው ሲስተም ያሳልፋል። ለዓመታት በጃቫ 8 እና በቶምካት 9 (የጃቫ ፕሮግራሞችን በኔትወርክ ላይ የሚያስነሳ ሰርቨር) ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ሠርቷል። ከዚያ ወደ ጃቫ 17 እና ቶምካት 10.1 ይሻገር ተባለ። መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምረን ማታ እንጨርሳለን ብለን ገባን። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

መጀመሪያ አዲሱን ቶምካት ረገምነው። ሎጉን (ሲስተሙ የሚጽፈውን የውሎ መዝገብ) እያገላበጥን ስናይ ግን አብዛኛው ጥፋት የቆየ፣ የራሳችን ጥፋት ነበር። አሮጌው አይቶ እንዳላየ ያልፈን ነበር። አዲሱ አያልፍም።

አንድ ነገር ላስቀድም። አሮጌውን አታጥፉት። አዲሱን ጎን ለጎን በሌላ ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) አስነሱት፤ አሮጌው 8080 ላይ ከሆነ አዲሱ 8081 ላይ ይሁን። የመዝጊያውን ፖርት 8005ንም አብራችሁ ቀይሩ። ካልቀየራችሁት ሁለተኛው ቶምካት ተነስቶ ወዲያው ይወድቃል፣ እናንተም ግማሽ ሰዓት ሌላ ምክንያት ስትፈልጉ ትቆያላችሁ። እኛ ቆይተናል።

ቶምካት ይነሳል፣ የጌትዌዩ አድራሻ ግን 404 ይላል

የመጀመሪያው ግድግዳ ይሄ ነው። የቶምካት መነሻ ገጽ ይከፈታል። የናንተ ጌትዌይ ግን «የለም» ይላል። ካታሊና የሚለውን ሎግ ስትከፍቱ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊስነር (ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚነሳ ኮድ) መነሳት አልቻለም» የሚል መልእክት ታገኛላችሁ፣ ዝርዝሩ ግን የለም። ዝርዝሩ ያለው ሎካልሆስት ብሎ በሚጀምረው ሌላኛው ሎግ ላይ ነው። እዚያ ጃቫክስ ሰርቭሌት የሚባል ክላስ (ከውጭ የሚመጣ ጥያቄን የሚቀበል የኮድ ክፍል) ጠፋ ይላችኋል።

ምክንያቱ የስም ጉዳይ ነው። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2017 ጃቫ ኢኢን (የትልልቅ ድርጅቶች ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን የጃቫ ክፍል) ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለማስረከብ ወሰነ። የንግድ ስሙ ግን አብሮ አልሄደም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ጃካርታ ኢኢ 9 የፓኬጆቹን (የኮድ ቡድኖቹን) ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ቀየረ። ቶምካት 9 የሚያውቀው የድሮውን ስም ብቻ ነው። ቶምካት 10 ደግሞ አዲሱን ብቻ። በድሮው ስም የተሠራ ፕሮግራም ሳይቀየር ቶምካት 10 ላይ አይሠራም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። «ክላሱ ከጠፋማ እንጨምርለት» ብሎ የድሮውን የሰርቭሌት ጃር (የታሸገ የኮድ ፋይል) ዋሩ (ጌትዌዩ ራሱ የታሸገበት ፋይል) ውስጥ መክተት። ያን ጊዜ የጠፋው ክላስ ይገኛል፣ ኤረሩም ይቀየራል። ቶምካት ግን የሚፈልገው የጃካርታ ሰርቭሌት ስለሆነ «ይሄ የኔ ዓይነት አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። አውጡት።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። ኮዱ እጃችሁ ላይ ካለ ስሙን ቀይሩና እንደገና ገንቡት። አፓቺ ሲኤክስኤፍ (የሶፕ አገልግሎት የሚሠራበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከ3 ወደ 4 ማለፍ አለባችሁ፤ 4 ደግሞ ጃቫ 17ን ይጠይቃል። ስም ስትቀይሩ ግን ጃቫክስ ያለበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳትለውጡ። ጃቫክስ ኤስኪውኤል፣ ጃቫክስ ክሪፕቶ፣ ጃቫክስ ኔሚንግ የጃቫ የራሱ ናቸው፣ ስማቸውም አልተቀየረም። የኛ ልጅ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ጃካርታ አደረጋቸው። ከዚያ ጌትዌዩ ዳታቤዙን ራሱን ማግኘት አቃተው።

ኮዱ ከሌላችሁ፣ ሠሪው ሀገር ጥሎ ከሄደ ወይም ስልክ ካላነሳ፣ ቶምካት የመቀየሪያ መሣሪያ አለው። ዋሩን ይወስድና ውስጡን ቀይሮ ይሰጣችኋል። ካልነገራችሁት ግን የሚቀይረው ቶምካት ራሱ የሚያውቃቸውን ፓኬጆች ብቻ ነው። የሶፕ ክፍሎችም እንዲቀየሩ ሙሉውን የኢኢ ፕሮፋይል ምረጡለት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጃቫ 11 ጃክስ-ቢን (ኤክስኤምኤልን ወደ ጃቫ የሚቀይረውን) እና ጃክስ-ደብሊውኤስን (የሶፕ ክፍሉን) ከራሱ ውስጥ አውጥቷቸዋል። በጃቫ 8 አብረው ይመጡ ስለነበር ማንም አያስባቸውም ነበር። አሁን እንደ ማንኛውም ላይብረሪ ለብቻ መጨመር አለባቸው።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነ

404ቱ ሲጠፋ ደስ አለን። ደስታው እስከ መጀመሪያው እውነተኛ መልእክት ድረስ ነበር። በእንግሊዝኛ የሞከርነው ሁሉ አልፏል። ከቅርንጫፍ «አዘዞ» የሚል አድራሻ ሲመጣ ግን ማዶ የደረሰው «???» ነው።

ከመደናገጣችሁ በፊት ምልክቶቹን ቁጠሩ። የምሬን ነው፣ ቁጠሯቸው። በዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ወደ ባይት መቀየሪያ ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «አዘዞ» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። 3 ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ጽሑፉ በትክክል ተነቧል፣ የተበላሸው ሲጻፍ ነው። 9 ከሆነ ገና ሲነበብ ነው የተበላሸው። በጥያቄ ምልክት ፋንታ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» (á) በየሦስት ፊደሉ እየተመላለሰች ካያችሁ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የሆነውን ጽሑፍ አንዱ እንደ ላቲን ፊደል አንብቦታል ማለት ነው። ባይቶቹ በአብዛኛው አልጠፉም፣ ሊመለሱ ይችላሉ። ጥያቄ ምልክት የሆነው ግን አይመለስም።

የኛ 3 ነበር። ስለዚህ መጻፊያው ላይ አተኮርን። እስከ ጃቫ 17 ድረስ ጃቫ ካልተነገረው የሚጽፍበትን ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ደንብ) ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ነው የሚወስደው። አሮጌውን ቶምካት ለዓመታት በእጁ ከተርሚናል የሚያስነሳው አንድ ባልደረባችን ነበር። የሱ ተርሚናል ዩቲኤፍ-8 ነው። አዲሱን በሲስተምዲ (በሊኑክስ አገልግሎቶችን በራሱ በሚያስነሳው) ስናስነሳው ያ የቋንቋ ቅንብር አብሮት አልመጣም። ጃቫ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ የያዘ የቆየ ደንብ) ላይ ወደቀ። አስኪ ደግሞ «አ»ን አያውቃትም።

መፍትሄው፦ ሴትኢንቭ በሚባለው የቶምካት ፋይል ላይ ፋይል ኢንኮዲንግን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ አስቀምጡ፣ የአገልግሎቱንም የቋንቋ ቅንብር እንዲሁ። ዋናው ግን ኮዱ ነው። ጽሑፍ ወደ ባይት የሚቀየርበት ቦታ ሁሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ይናገር። ከጃቫ 18 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 የሁሉም መነሻ ሆኗል፣ ስለዚህ ወደዚያ ወይም ወደ 21 የሚያልፍ ሰው ይሄ ራስ ምታት በብዙው ይቀልለታል።

ይሄን አስተካክለን ሳንጨርስ ሌላ ወጣ። አሁን አማርኛው በትክክል ይደርሳል፣ የመልእክቱ ጅራት ግን ይቆረጣል። ተቀባዩ «ኤክስኤምኤሉ ሳያልቅ አለቀ» ይላል። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው። ለጃካርታ እንዲሆን አንድ ፊልተር (መልእክቱ በመንገዱ የሚያልፍበት ኮድ) እንደገና ስጽፍ የመልእክቱን ርዝመት በባይት ሳይሆን በፊደል ቆጥሬ ላኩት። ሁሉም ጥያቄ ምልክት እያለ አንድ ምልክት አንድ ባይት ስለነበር ሒሳቡ ልክ ይመጣ ነበር። አማርኛው ሲድን እያንዳንዱ ፊደል ከጅራቱ 2 ባይት መብላት ጀመረ። «አዘዞ» ብቻዋን 6 ባይት በላች። ርዝመቱን ራሳችሁ አትጻፉ፣ ለቶምካት ተዉለት። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ።

ጥቅምት 29 ተጀመረ፣ ህዳር 1 ራሱን አዳነ

ይሄን እወደዋለሁ፣ ምንም እንኳን ሁለት ሌሊት ቢነጥቀኝም። ጥቅምት 29 ጠዋት ከቅርንጫፎች የሚመጣ መልእክት ሁሉ «የተሳሳተ ቀን» እየተባለ ይመለስ ጀመር። 30ም እንደዚያው። ህዳር 1 ምንም ሳንነካው ሁሉም አለፈ። ራሱን የሚያድን ችግር ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፣ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ «ተፈታ አይደል?» ይላል።

አልተፈታም። ቅርንጫፎቹ የሚልኩት የኢትዮጵያን ቀን ነው፣ ለፈረንጅ ቀን በተዘጋጀ ቦታ ላይ። ጥቅምት 29 ቀን 2017 በነሱ አጻጻፍ 2017-02-29 ነው። ለጃቫ ግን ይሄ ፌብሩዋሪ 29 ነው፣ በዚያ ዓመት ደግሞ የለም። 30ማ ጭራሽ በየትኛውም ዓመት የለም። ጳጉሜም ቢሆን ያው ነው፤ 13ኛ ወር ማንም አይቀበላትም።

ታዲያ አሮጌው እንዴት ያሳልፍ ነበር? የድሮው የጃቫ ቀን አንባቢ ልግስና የተባለ አመል አለው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን በሆነበት ዓመት ፌብሩዋሪ 30 ስትሉት «ማርች 2 ለማለት ፈልጋችሁ ነው» ብሎ ራሱ ያስተካክላል። ኮዱን ስናድስ የገባው አዲሱ የቀን አንባቢ ግን ጥብቅ ነው፣ ይመልሰዋል። እና አሁን የሚያስደነግጠው መጣ። ለዓመታት ጥቅምት 30 የተመዘገበው ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ ህዳር 2፣ ፌብሩዋሪ 29 ባለበት ዓመት ደግሞ ህዳር 1 ሆኗል። ጳጉሜ 3 የመጣው የቀጣዩ ዓመት መስከረም 3 ሆኗል። ማንም አላወቀም። ለመዝገብ ክፍሏ እትዬ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። «እኔ እኮ ጥቅምት መጨረሻ ለምን ባዶ ይሆናል እል ነበር» አሉኝ። ቀደም ብለን ብንጠይቃቸው ኖሮ!

ጥብቁን አንባቢ አታላሉት። ላኪው ጋ ሄዳችሁ ቀኑ ከመላኩ በፊት ወደ ፈረንጅ እንዲቀየር አድርጉ፣ ስክሪን ላይ ብቻ በኢትዮጵያ ይታይ። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፣ በእጅ ሒሳብ አትጻፉ። የድሮው መዝገብ ግን በኮድ አይስተካከልም፤ እውነተኛ ህዳር 2 ከውሸተኛው ጋር ተደባልቋል። እኛ ከወረቀቱ ጋር እያስተያየን ነው ያረምነው።

ከቢሮ ይሠራል፣ ከቅርንጫፍ አይሠራም

የጌትዌዩን ዊዝደል (አገልግሎቱ ምን እንደሚቀበልና በየትኛው አድራሻ እንዳለ የሚገልጽ ፋይል) ከውጭ ሆናችሁ ክፈቱና መጨረሻ ላይ ያለውን አድራሻ እዩ። ሎካልሆስት ካለ ምክንያቱ ተገኘ። ቅርንጫፉ ዊዝደሉን ያነብባል፣ ከዚያ መልእክቱን ለራሱ ኮምፒውተር ይልካል። ድሮ ከቶምካት ፊት ያለው ፕሮክሲ (ከውጭ የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ቶምካት የሚያሳልፍ ሰርቨር) ስሙ «ሰርቨር ኤክስኤምኤል» በሚባለው የቶምካት ፋይል ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ በአዲሱ ፋይል ውስጥ የለም። የድሮውን ፋይል እንዳለ አትገልብጡት፣ የፕሮክሲውን ስም፣ ፖርትና ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን የሚናገረውን ብቻ አምጡ።

ፕሮክሲያችሁ ከቶምካት ጋር በኤጄፒ (ከኤችቲቲፒ የተለየ የመነጋገሪያ ደንብ) የሚነጋገር ከሆነ ደግሞ ሌላ እርምጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎስትካት የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ከተገኘ ወዲህ ቶምካት ኤጄፒን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ስትከፍቱት ሚስጥር ቃል ይጠይቃል፣ ፕሮክሲውም ያንኑ ቃል መያዝ አለበት።

ሰርቲፊኬቱን አላምንም አለ

አዲስ ጃቫ የራሱን የታመኑ ሰርቲፊኬቶች (የሲስተም ማንነት ማረጋገጫዎች) ሳጥን ይዞ ነው የሚመጣው። በድሮው ላይ በእጅ ያስገባችኋቸው የአጋር ድርጅቶች ሰርቲፊኬቶች አብረው አይሻገሩም። በኪቱል (ከጃቫ ጋር በሚመጣው የሰርቲፊኬት መሣሪያ) አውጥታችሁ አስገቡ። ማዶ ያለው ሲስተም ያረጀ ከሆነ ቲኤልኤስ 1.0ን (ግንኙነትን የሚመሰጥር የቆየ ደንብ) ብቻ ሊያውቅ ይችላል፤ ጃቫ 17 ያን ዘግቶታል። በግድ ማስከፈት ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ማዶውን አሳድጉት።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ የሚታይ ሌላ ዓይነትም አለ። «ሰርቲፊኬቱ ገና ጊዜው አልደረሰም» ይላል። ያኔ የማሽኑን ሰዓት እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃ ዓመቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱንም ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉ።

በዚያው መብራት ሲመጣ ጌትዌዩ ከዳታቤዙ ቀድሞ ሊነሳና ሊወድቅ ይችላል። ሲስተምዲ ላይ ዳታቤዙን እንዲጠብቅ፣ ከወደቀም እንደገና እንዲነሳ ንገሩት።

ሎጉ ላይ ምንም የለም

«ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል» ብለው ደወሉ። ሎጉን 3 ሰዓት ላይ ፈለግን፣ ምንም የለም። 9 ሰዓት ላይ ፈለግን፣ ምንም የለም። አዲሱ ሰርቨር የተጫነው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ) ሰዓት ነበር። የኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 6። ኤረሩ 6 ሰዓት ላይ ተኝቶ ነበር። የማሽኑን ሰዓት ወደ አፍሪካ አዲስ አበባ ቀየርነው። ስልክ የሚቀበለው ልጅ ደብተር ላይም አንድ ዓምድ ጨመርን፦ «በማን ሰዓት?»