የካፌ ወንበር እግረኛ መንገድ ላይ ሲወጣ፦ ደንቡ ሲከለስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ካፌዎች ወንበራቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ። ሰው ማኪያቶውን ይዞ መንገዱን እያየ መጫወት ይወዳል፤ ከተማውም ይደምቃል። ይህ እንዲቀር አልፈልግም። መሬቱ ግን የሕዝብ ነው። የኮሪደር ልማቱ እግረኛ መንገዱን እያሰፋ ባለበት በዚህ ወቅት ማዘጋጃ ቤቶች ደንባቸውን ሲከልሱ የሚከተሉትን ስህተቶች ቢጠነቀቁ እወዳለሁ።

ለካፌው የሚሰጠውን ብቻ መጻፍ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። "መንገዱ ሦስት ሜትር ነው፤ ግማሹን ካፌው ይጠቀም" ይባልና ልኬቱ ከግድግዳው እስከ ጠርዙ ይያዛል። በመሃል የቆመው የመብራት ምሰሶ፣ ዛፉ፣ ታፔላው፣ ሊስትሮው አይቆጠሩም። ወንበሩም የሚለካው ጠረጴዛው ሥር ተገፍቶ ባዶውን ሳለ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ወደ ኋላ ይሳባል፣ እግር ይዘረጋል፣ ቦርሳ መሬት ላይ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ አንድ ሜትር ተኩል የነበረው ማለፊያ ከሰዓት በኋላ ግማሹ የለም።

አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲተላለፉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ደንቡ በቅድሚያ መጻፍ ያለበት ለእግረኛው ምንም ሳይነካ የሚቀረውን ስፋት ነው፤ ካፌው የተረፈውን ይውሰድ። የኒውዮርክ ከተማ የውጭ መመገቢያ ደንብም ከዚሁ ይነሳል፤ በጠባቡ መንገድ እንኳ ለእግረኛ 8 ጫማ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ያህል፣ እንዲተው ያዛል።

ከፍታም አይረሳ። ነጭ በትር የያዘ ዓይነ ስውር የካፌውን የፀሐይ ጥላ እግር በበትሩ ያገኘዋል፤ በፊቱ ትክክል የተዘረጋውን የጥላውን ጫፍ ግን በትሩ አይነካውም፣ የሚነካው ግንባሩ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ጥላና ሸራ ከሰው ቁመት በላይ ይሰቀል ብሎ አንድ መስመር መጨመር ምንም አያስወጣም።

ጀበና ቡና የምታፈላውን መርሳት

እኛ ዘንድ ከማንም በፊት እግረኛ መንገድ ላይ ቡና ያጠጣችው እሷ ናት፤ ረከቦቷን፣ ከሰል ማንደጃዋንና ጥቂት ዱካዎቿን ይዛ። ደንቡ ግን ንግድ ፈቃድና የቤት ኪራይ ውል ከጠየቀ እሷ ከጅምሩ ውጪ ናት። ባለካፌው ሃያ ወንበር አውጥቶ ሕጋዊ ሲሆን የእሷ አራት ዱካ በደንብ አስከባሪ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በቀበሌ መታወቂያ የሚገኝ፣ የዱካው ብዛትና የማንደጃው ቦታ የተወሰነበት፣ ክፍያው አነስ ያለ የራሷ ፈቃድ ይዘጋጅላት። መቀጣትም ካለባት እንደ ባለካፌው በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይድረሳት።

የሌላ ከተማ ወቅት መቅዳት

የመኪና ማቆሚያን ወደ መቀመጫ መለወጥ የታወቀው ከሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የንድፍ ቡድን ለመኪና ማቆሚያ ከፍሎ ሣር አነጠፈበት፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠበት። ኒውዮርክ ደግሞ በ2023 ባወጣችው ሕግ የአስፋልት ላይ መቀመጫን ከኤፕሪል 1 እስከ ኖቬምበር 29 ብቻ ፈቀደች። ይህን የቀን ገደብ እንዳለ ብንገለብጠው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ፣ መቀመጫው የሚያርፍበት መድረክ ዲች፣ ማለትም የመንገድ ዳር የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም። ዲች ላይ በሚስማር የተመታ የእንጨት መድረክ ሥሩ በፌስታልና በቅጠል ይሞላል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይገባል። ዲች ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ነገር በእጅ የሚነሳ ይሁን፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተነስቶ ዲቹ ይጠረግ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስም አንድ ዓይነት ደንብ አይበቃቸውም። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ሆና ጥላ ትሻለች፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ሆና ማታ ብርድ አላት፣ ባለካፌውም ነፋስ ለመከላከል ዙሪያውን በሸራ መጋረድ ይፈልጋል። ያ መጋረጃ ሲቆይ ግድግዳ ይሆናል፤ ከወዲሁ ይከልከል ወይም ይገደብ።

ጭሱን መዘንጋት

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሕዝብ መገልገያ ቦታ በርና መስኮት በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። የካፌ ወንበር አብዛኛው ከበሩ ሥር ስለሆነ፣ ውጭ ነውና ይጨስ የሚባል ነገር የለም። ደንቡ ይህን በግልጽ ይጥቀሰው።

ወሰኑን ፋይል ውስጥ መተው

ደንብ አስከባሪው ሜትር ይዞ አይዞርም። ስፋቱ በወረቀት ብቻ ከቀረ ክርክሩ በየቀኑ ነው፤ ክርክር ባለበት ደግሞ "ቡና ጠጣ" ማለት ይከተላል። መሬት ላይ በቀለም መስመር ይሰመር፣ የፈቃዱ ቅጂም በሩ ላይ ይለጠፍ። አስተናጋጁ ወንበር ሲያወጣ መስመሩን ያያል፣ የሚያልፈው እግረኛም ወንበሩ መስመሩን አልፎ ሲያገኘው "መልሱልን" ለማለት ማንንም መጥራት አያስፈልገውም።