የባቄላ ቆርምድንና መሰል የሰብል ፈንገሶችን በዘረመል ቅደም ተከተል መለየት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ በባቄላ ቅጠል ላይ አረንጓዴ ዕባጭ ሆኖ ወጥቶ በኋላ ወደ ቡኒ የሚለወጠውን በሽታ ገበሬው ቆርምድ ይለዋል። መንስኤው ጃፓናዊው ተመራማሪ ኩሳኖ እ.ኤ.አ. በ1912 በጃፓን የሰየመው ኦልፒዲየም ቪሺዬ ነው ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ፈንገስ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ በፈንገሶች የዘር ሐረግ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ፈንገሱን በዘረመል ቅደም ተከተል፣ ማለትም በዲኤንኤው ፊደሎች አደራደር፣ የመለየት ሥራ የሚጀምር ሰው በማይክሮስኮፕ ያየውን መልክ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍርድ ባይወስደው ይሻላል።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ ነው። ናሙናው ዕባጩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይቆረጥ፤ በጠቆረና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ከበሽታ አምጪው ይልቅ የሞተ አካል የሚመገቡ ፈንገሶች ይበዛሉና። ቅጠሉ በወረቀት ፖስታ እንጂ በፌስታል አይያዝ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከመንዝ ያመጣሁትን ናሙና በፌስታል እንደታሰረ ቅዳሜንና እሑድን አሳደርኩት፤ ሰኞ ስከፍተው ሻግቶ ነበር፣ ከሳምንታት በኋላ የመጣው ቅደም ተከተልም የክላዶስፖሪየም፣ ማለትም የተራ ሻጋታ፣ ሆነ። ከበሽተኛው ጋር ከዚያው ማሳ ጤነኛ ቅጠልም ለማነጻጸሪያ ይወሰድ።

ቅጠሉን በ1 በመቶ በረኪና ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክሮ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ የላይ ላዩን ሻጋታ ይቀንሳል። የቸኮሌት መሰል ነጠብጣብ የሚያመጣው ቦትራይቲስ ፋቤ በድንች አጋር (በቤተ ሙከራ የፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ስለሚበቅል ከአንድ ስፖር ተነሥቶ ንጹሕ ዘር ማባዛት ይቻላል። የቆርምዱ ፈንገስ ግን ሕያው ተክል ካላገኘ አያድግም፤ ስለዚህ ዕባጩ ብቻ በምላጭ ተፍቆ ይወሰዳል፣ የባቄላው ዲኤንኤም አብሮ መምጣቱ አይቀርም። የስፖሮቹ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ናሙናው እንደ ዱቄት እስኪልም መፈጨት አለበት። ከዚያ በኋላ ዲኤንኤውን ሲታብ በተባለው ኬሚካል ማውጣት የተለመደ ሥራ ነው።

የሚነበበውን ዘረመል መምረጥ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። አይቲኤስ የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች አጠቃላይ ባርኮድ (መለያ) እንዲሆን የተመረጠ ነው፤ አይቲኤስ1 እና አይቲኤስ4 የተባሉት ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል የሚያስጀምሩ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ግን የተክሉንም ዲኤንኤ ስለሚያባዙ፣ ከቅጠል በቀጥታ ሲሠራ አይቲኤስ1ን በአይቲኤስ1ኤፍ መተካት ይመረጣል። አይቲኤስ ወገኑን ይነግረናል እንጂ ዝርያውን ሁልጊዜ አይለይም። ቦትራይቲስ ፋቤን ከቦትራይቲስ ሲኔሪያ ለመለየት ጂ3ፒዲኤች፣ ኤችኤስፒ60 እና አርፒቢ2 የተባሉት ዘረመሎች ይጨመራሉ፤ ፉዛሪየም ለተባለው የፈንገስ ወገን ደግሞ ቴፍ1 የተባለው ዘረመል ያስፈልጋል።

የተባዛው ዲኤንኤ ተነብቦ ውጤቱ ሲደርስ፣ ፊደሎቹን ከመቅዳት በፊት ክሮማቶግራሙ (እያንዳንዱን ፊደል በሞገድ ጫፍ የሚያሳየው ሥዕል) ይከፈት። በተከታታይ ቦታዎች ላይ ሁለት ሁለት ጫፎች ተደራርበው ከታዩ፣ ቱቦው ውስጥ ሁለት ፍጥረታት ሳይኖሩ አይቀሩም። የደበዘዙት ዳርና ዳር ተቆርጠው፣ ከሁለቱም አቅጣጫ የተነበበው ከተገጣጠመ በኋላ ብላስት በተባለው የማነጻጸሪያ ፕሮግራም ጂንባንክ ከተባለው የቅደም ተከተሎች መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ የተመሳሳይነት መቶኛ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ከ600 ፊደል 120ው ብቻ ተገጣጥሞ 99 በመቶ ቢል ዋጋ የለውም። በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም የሰጠውም ቅደም ተከተሉን ያስገባው ሰው ስለሆነ፣ ዝርያው መጀመሪያ ከተሰየመበት ናሙና የተገኘ ቅደም ተከተል እየተፈለገ በዚያ ላይ የዘር ሐረግ ዛፍ ይሠራ።

ዛፉ የዲኤንኤውን ባለቤት ያሳያል እንጂ በሽታውን ያመጣው እሱ መሆኑን አያረጋግጥም። ለዚህ ጤነኛ ባቄላ በማሰሮ ተዘርቶ በዕባጩ ደቃቅ ይበከላል፣ እርጥበቱ እንዲቆይ ይደረጋል፤ አዲስ ዕባጭ ሲወጣም ያው ምርመራ ይደገማል። የተረፈው ቅጠል ደርቆ፣ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ከፍታውና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።