ርካሽ የዘይት ፊልትሮ ገዝታችሁ ሞተሩ ድምፅ ካሰማ

ለትንሽ መኪና ርካሽ ፊልትሮ መግዛት ነውር የለውም። ብዙውን ጊዜ ችግር የሚያመጣው ለመኪናው የማይሆነው ወይም አስመስለው የሠሩት ነው። ስለዚህ ዋጋውን ለጊዜው እንተወውና ከምልክቱ እንነሳ።

ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል

መኪናው ቆሞ አድሯል። ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሩ ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ያንኳኳል፣ የዘይት መብራቱም ከወትሮው ዘግይቶ ይጠፋል። ከዚያ ጸጥ ይላል። ቀን ላይ አጥፍታችሁ ወዲያው ብታስነሱት ድምፁ የለም።

ዋናዋ ተጠርጣሪ ፊልትሮው ውስጥ ያለች ስስ የጎማ ክዳን ናት። ሥራዋ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው እንዳይመለስ መያዝ ነው። ጎማዋ ከደረቀች ወይም ከጅምሩ በደንብ ካልገጠመች ፊልትሮው ባዶውን ያድራል። ጠዋት ፓምፑ መጀመሪያ እሱን መሙላት አለበት። እስከዚያ ድረስ የሞተሩ የላይኛው ክፍል በቂ ዘይት አያገኝም።

አዲስ ስትገዙ በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ተመልከቱ፣ ክዳኗ ትታያለች። በንጹሕ ቀጭን ነገር ቀስ ብላችሁ ገፋ ስታደርጓት ተመልሳ ቦታዋን መያዝ አለባት። ከሲሊከን የተሠራችው ከተራው ጥቁር ጎማ በተሻለ ሙቀትና ብርድ ትችላለች። ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ናት። ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፤ ጎማ ማቅለም ማንንም አያቅትም።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ፊልትሮው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ የሚታሰር ከሆነ ዘይቱ በራሱ ክብደት እዚያው ይቀራል፣ ክዳኗም ያን ያህል አታሳስብም። በጎን ተኝቶ ወይም ተገልብጦ የሚታሰር ከሆነ ግን በእሷ ላይ አትደራደሩ።

ፊልትሮው ተቀይሮም ድምፁ ከቀጠለ የዘይቱን ውፍረትና፣ ሞተሩ ሰንሰለት ካለው፣ የሰንሰለቱን መወጠሪያ አስፈትሹ።

ከፊልትሮው ሥር ዘይት ይፈሳል

አንደኛው ምክንያት ትንሽ ያሳፍራል። የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። እኔንም ገጥሞኛል። ርካሽ በመግዛቴ ራሴን ስወቅስ ቆይቼ ስፈታው ሁለት ጎሚኒ ተደራርቦ አገኘሁ። ፊልትሮው ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኔው ነበር። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የተደራረበ ጎሚኒ ግፊት ሲበዛበት ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፋል።

አሮጌውን እንደፈታችሁ ጎሚኒው አብሮት መውጣቱን እዩ። የሞተሩን ፊት በጨርቅ ጥረጉ። አዲሱን ጎሚኒ ንጹሕ ዘይት ቀቡትና በእጅ እሰሩ። ጎሚኒው ከነካ በኋላ አብዛኞቹ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ይበቃቸዋል፤ ካርቶኑ ላይ ሌላ ነገር ከተጻፈ ግን እሱን ተከተሉ። ቁልፍ ለመፍቻ እንጂ ለማሰሪያ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፊልትሮው ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ ነው፤ እኔ በጣም የምፈራው ይህንን ነው። በትንንሽ መኪኖች ላይ ሁለት መጠኖች በብዛት ይገኛሉ፦ ባለ 20 ሚሊሜትርና ባለ 3/4 ኢንች። 3/4 ኢንች ማለት 19.05 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ ባለ 20ው ፊልትሮ ባለ 3/4 ጥርስ ባለው ሞተር ላይ ሊገባ ይችላል። የያዘ ይመስላል፣ ግፊት ሲመጣ ግን ይለቃል። «ይኼም ይገባል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ እሺ አትበሉ። በመኪናው ሞዴል፣ በዓመቱና በሞተሩ ኮድ የሚገኘውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ትክክለኛው ከነበረ እሱንም ያዙት፤ የጎሚኒውንም ስፋት ከእሱ ጋር ታስተያያላችሁ።

ፊልትሮው እንደ ፊኛ ተነፍቷል

እዚህ ፊልትሮውን አትውቀሱ። አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ተጣብቆ ግፊቱ ከልክ አልፏል። ፊልትሮ ብቻ ብትቀይሩ አዲሱም ይነፋል። መካኒክ ያስፈልጋል።

ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል

ብዙ ሰው ውድ ፊልትሮ የሚገዛው ለዚህ ነው፣ በከንቱ። የሚያጠቁረው በአብዛኛው ጥላሸት ነው። ጥላሸት ከ1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች ስለሆነ ውዱም ርካሹም ያሳልፉታል። ዘይቱ መጥቆሩም ቆሻሻውን ተሸክሞ እየዞረ መሆኑን ያሳያል።

ማጣሪያ ወረቀቱን ማወዳደር ከፈለጋችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን በመቶኛ ብቻ አትዩ። «99 በመቶ» ሲል ስንት ማይክሮን የሚያህለውን ቆሻሻ እንደሆነ ፈልጉ። 99 በመቶ በ20 ማይክሮንና 99 በመቶ በ40 ማይክሮን ሰማይና ምድር ናቸው። አይኤስኦ 4548-12 በሚባለው መመዘኛ የተፈተነ ከሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ማይክሮኑን የማይናገር ቁጥር ለኔ ማስታወቂያ ነው።

እየነዳችሁ የዘይት መብራት በራ

ዳር ይዛችሁ አጥፉት። መጀመሪያ የዘይቱን መጠን በመለኪያው እዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ አትንዱት፣ አስጎትቱት።

አዲሱን ካሰራችሁ በኋላ ሞተሩን አስነሱና መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፣ ከሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዚያ አጥፉት፣ ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ፣ እንደገና ለኩ። ፊልትሮው ራሱ የሚጠጣው ዘይት ስላለ ትንሽ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።